እማዬን ይዤ ወደ ፕሮቫንስ ገዳማት፦ የትኛው ይሻላል?

ፍራንክፈርቷ | ሰኔ 9

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

እማዬ ለክረምት ከአዲስ አበባ ትመጣለች። 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ባለፈው ስትመጣ ኮሎኝ ወስጄ ትልቁን ካቴድራል አሳየኋት። ቀና ብላ አየችና «ቁመቱስ ይገርማል። ቅዳሴው ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። በዚያ ሰዓት ቅዳሴ አልነበረም። ሰው ይገባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይወጣል። «እንግዲያ ምን ልንሠራ መጣን?» ብላ እሷም ወጣች። ያ ሁሉ የባቡር ትኬት ለአሥር ደቂቃ።

ዘንድሮ ፀሐይ ያለበት አገር ልወስዳት አስቤ ደቡብ ፈረንሳይን መረጥኩ። ፕሮቫንስ። ስድስት ቀን አለን፣ መኪና እንከራያለን። ያረጁ ገዳማትና ቤተ ክርስቲያኖች በሽ ናቸው ሲሉ ሰማሁ። ሴናንክ፣ ቶሮኔ፣ ሲልቫካን፣ ሞንማዡር... ስሙ ብቻ አደከመኝ። ሁሉን ማየት እንደማይቻል ገብቶኛል።

ሌላው ችግር፣ ፈቃድ ያገኘሁት ከኦገስት 8 እስከ 14 ነው። ፍልሰታ ውስጥ ማለት ነው። እማዬ ደግሞ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው። ሙቀቱ አለ፣ ጾሙ አለ፣ ጉልበቷ አለ። የቱን ልምረጥ?

ማርሴይ_ነዋሪ | ሰኔ 9

እህቴ፣ ማርሴይ 14 ዓመት ኖሬያለሁ። ዘመድ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ። እዚህ አገር «አቤይ» የሚል ታፔላ ያለበት ሁሉ ገዳም አይደለም። ገዳም የነበረ ነው። በአብዮቱ ጊዜ፣ ከ1789 ጀምሮ፣ የመነኮሳቱ ንብረት ተወርሶ ተሸጠ። አንዱ የገበሬ ጎተራ ሆነ፣ ሌላው ድንጋዩ እየተነቀለ ለቤት መሥሪያ ዋለ። ዛሬ አብዛኛው ሙዚየም ነው። ትኬት ትቆርጫለሽ፣ ባዶ ድንጋይ ታያለሽ። መነኮሳት የተመለሱበት ጥቂት ነው። የእናትሽ ጥያቄ እንግዲህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ቱሪስቱ አይጠይቀውም እንጂ መጠየቅ የነበረበት እሱን ነው።

«ሦስቱ የፕሮቫንስ እህትማማቾች» የሚባሉት ሲልቫካን፣ ሴናንክና ቶሮኔ ናቸው። ሲስተርሲያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት የሠሯቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ተቀራራቢ ነው። ሲልቫካን በ1144፣ ሴናንክ በ1148 ተመሠረቱ። የቶሮኔ ግንባታ ደግሞ ከ1160 ገደማ ይጀምራል። ዛሬ የመነኮሳት ጸሎት ያለው ሴናንክ ብቻ ነው። በ1988 ተመልሰው ገብተውበታል። ለጸሎት የሚመጣ ሰው ትኬት አይጠየቅም፣ ትኬቱ ለጉብኝቱ ነው። የጸሎቱን ሰዓት አስቀድመሽ እዪና በዚያ ሰዓት ድረሱ። ከጉብኝቱ በኋላ ተገጣጥሞ ጸሎት ላይ እንደርሳለን ካላችሁ አይሆንም።

ማርሴይን ደግሞ አትዝለሏት። ተራራው ላይ ኖትር ዳም ደ ላ ጋርድ አለች። በ1864 ነው የተባረከችው፣ ስለዚህ እንደ ሌሎቹ አሮጌ አይደለችም። እናትሽ ግን ይወዷታል ብዬ እወራረዳለሁ። የከተማው ሰው «መልካሟ እናት» ነው የሚላት። ግድግዳው በእብነ በረድ ጽላት ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ «አመሰግናለሁ» ይላል። ከጣሪያው ትናንሽ የመርከብ ሞዴሎች ተንጠልጥለዋል። ከማዕበል የተረፉ መርከበኞች ያስገቡት ነው። ስለት በለው በአጭሩ። ቁልቢ የሄደ ሰው ማስተርጎሚያ አያስፈልገውም። ከአሮጌው ወደብ 60 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ላይ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ የምትቀረው ደረጃ ናት።

ሳቂታው_ተጓዥ | ሰኔ 10

ሴናንክ! ሴናንክ! ያ የሐምራዊ አበባ ማሳ ያለበት እኮ ነው። እማማን ነጠላቸውን አልብሰሽ ላቬንደሩ መሃል አቁመሽ ፎቶ አንሺ። ኦገስት ምርጥ ጊዜ ነው።

ካርታ_አንባቢ | ሰኔ 10

ሳቂታው፣ ልጅቷን አታሳስት። ሴናንክ ያለው ላቬንደር የሚያብበው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ከዚያ ይታጨዳል። ኦገስት 10 የሚጠብቃችሁ ተላጭቶ የቀረ አረንጓዴ ግራጫ ጉቶ ነው። ባያብብም እዚያ መሃል መግባት ክልክል ነው፤ የመነኮሳቱ ሰብል ነው፣ ይሸጡታል።

ፍራንክፈርቷ፣ ጥቂት ነገር ልጨምር።

ከጎርድ መንደር ወደ ሴናንክ በእግር መውረድ ይቻላል ብለው የሚጽፉ አሉ። 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጠጠር የበዛበት። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው፣ ያውም እየጾሙ፣ በፍጹም። የመኪናው መንገድም ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ትልቅ መኪና አትከራዪ። እኔ ትልቁን ወስጄ አንድ የድንጋይ አጥር ጎኑን ፋቀኝ። ሥዕለቴን አልነግራችሁም፣ አከራዩ ድርጅት ግን የሳምንት ደመወዜን ወሰደ።

በጋ ላይ የደን ቃጠሎ ነገር አለ። ነፋሱ ሲበረታ ጫካና ተራራ ያለበት አካባቢ ይዘጋል። ማታ ማታ የነገውን የሚያሳይ ካርታ ይወጣል፤ ሳታዪ እንዳትተኚ። ማግደላዊት ማርያም ኖራበታለች የሚባለው የሳንት ቦም ዋሻም በጫካ ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ እሱን ከሐሳባችሁ ብታወጡት ይሻላል።

ቀሪው ሁሉም የሚያውቀው ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን፣ ውሃ፣ ኮፍያ። እኩለ ቀን ላይ ትናንሽ ቤተ ክርስቲያኖች ስለሚዘጉ ጠዋት መነሳት።

ቡና_ያለስኳር | ሰኔ 10

ይቅርታ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ላሊበላ፣ ደብረ ዳሞ፣ የጣና ገዳማት እያሉልን የሰው አገር የካቶሊክ ፍርስራሽ ለማየት ዩሮ ማፍሰስ ምንድነው? ያውም እናትን በፍልሰታ። እቤት ይጹሙ ባይሆን።

ዲያቆን_ነበርኩ | ሰኔ 11

ወንድሜ ቡና፣ ስኳር ብትጨምርበት ምናለ። ሰከን በል።

ማርሴይ ወደቡ አጠገብ ሳን ቪክቶር የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከውጭ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል። ከሥሩ ደረጃ ወርደህ የምትገባበት ጨለማ ክፍል አለው፣ የድንጋይ የሬሳ ሣጥኖች የተደረደሩበት። ገዳሙን በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመሠረተው ዮሐንስ ካስያን ነው። ካስያን ወደ ማርሴይ ከመምጣቱ በፊት የት ነበር? ግብፅ። ገዳመ አስቄጥስ። የአባ መቃርስ በረሃ። እዚያ ከአበው ጋር ዓመታት ኖረ፣ ጠየቀ፣ አዳመጠ፣ በኋላ የሰማውን በላቲን ጻፈው። አንድ ምዕተ ዓመት አልፎ የጣሊያኑ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳቱ ሥርዓት ሲያወጣ፣ ከእራት በኋላ ተቀምጣችሁ የካስያንን አንብቡ ብሎ አዘዘ። የሴናንክ ሲስተርሲያኖች እስከ ዛሬ የሚኖሩት በዚያው በቤኔዲክቶስ ሥርዓት ነው።

የእኛስ ከየት መጣ? ገድለ አባ አረጋዊን ክፈት። አባታችን የመነኮሰው አባ ጳኩሚስ ዘንድ ነው ይላል። እነሱም እኛም ያው ግብፅ ነን። ከአንድ ቤት የወጡ ልጆች፣ አንዱ ደብረ ዳሞ በገመድ ወጣ፣ አንዱ ማርሴይ ወረደ።

ልዩነት የለም አላልኩም። እኛና እነሱ የተለያየንበት የኬልቄዶን ጉባኤ 451 ነው። ካስያን ያረፈው በ435 ገደማ ነው። ቤቱ ሳይከፈል ማለት ነው።

እህቴ ፍራንክፈርቷ፣ እናትሽ ገብተው ቆመው ቢጸልዩ ማንም አይከለክላቸውም። ቁርባን ግን አይቀበሉም፣ እሳቸውም ያውቁታል። ልባቸው ካልፈቀደ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፤ እዚህ መድረክ ላይ አይጠየቅም።

ቡና_ያለስኳር | ሰኔ 11

ካስያንን አላውቀውም ነበር። ትኬቱ ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ቤተ ክርስቲያን በትኬት!

ዲያቆን_ነበርኩ | ሰኔ 11

ላሊበላስ በነፃ ነው እንዴ ለፈረንጁ?

የመድረኩ_አስተናጋጅ | ሰኔ 11

ሁለታችሁም ደርሳችኋል። ወደ ጉዞው እንመለስ።

ሽሮ_በየቦታው | ሰኔ 12

ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰም እኮ! እኔ ልመልስ።

ኒስ አካባቢ ሶካ የሚባል አለ። የሽንብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው። በቃ። በትልቅ ክብ መጥበሻ አፍስሰው በእንጨት ምድጃ ይጋግሩታል። ዳር ዳሩ ሲያር ነው የሚጣፍጠው። የሽሮ ቂጣ ብትለው አልዋሸህም። ማርሴይ ደግሞ ያንኑ የሽንብራ ዱቄት አገንፍተው፣ አቀዝቅዘው፣ ቆራርጠው በዘይት ይጠብሱታል። ፓኒስ ይባላል። ዘይቱ ዓሣ የተጠበሰበት እንዳይሆን ጠይቂ ብቻ።

አሁን ወጥመዶቹን ስሚ። ታፕናድ የሚሉት የወይራ ፍጭት የጾም ይመስላል፣ ውስጡ ግን አንቾቪ የምትባል ትንሽ ዓሣ አለች። የፒስቱ ሾርባ አትክልት ነው ይሉሻል፣ አይብ ግን ይገባበታል። ማርሴይ ላይ ናቬት የሚባል የጀልባ ቅርጽ ያለው ብስኩት አለ፣ የብርቱካን አበባ ሽታ ያለው። በየካቲት 2፣ በነሱ፣ ሳን ቪክቶር ተባርኮ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። ቅቤ ይገባበታል፣ ስለዚህ ገዝታችሁ ለፍስክ አስቀምጡት። ድርቅ ያለ ነው፣ አይበላሽም። ጥርስ ግን ይፈልጋል።

ራታቱይ አስተማማኝ ነው። ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ወይራ፣ ሐብሐብ፣ በለስ። ለእናትሽ በዘጠኝ ሰዓት ምሳ ብትፈልጊ ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ታገኚዋለሽ። ከገበያ ገዝታችሁ ያዙ።

ከሊዮን_ወዲህ | ሰኔ 13

ሳንት ማሪ ደ ላ ሜርን ማንም አላነሳም? ከአርል በስተደቡብ፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ ያለች ከተማ። ቤተ ክርስቲያኗ እንደ ግንብ ናት፣ ሰው ከወንበዴ የሚሸሸግባት ነበረች። ትውፊቱ ሁለቱ ማርያሞች፣ የያዕቆብ እናትና ሰሎሜ፣ ከቅድስት አገር ተሰደው በጀልባ እዚህ ደረሱ ይላል። ከሥር ባለው ክፍል ጥቁር ፊት ያላት የሣራ ሐውልት አለች፣ ሰው የሚያለብሳት ካባ በካባ ላይ ተደርቦ። ግብፃዊት አገልጋያቸው ነበረች የሚሉ አሉ። በየዓመቱ ሜይ 24 ጂፕሲዎች ከየአገሩ መጥተው ተሸክመዋት ባሕር ውስጥ ይገባሉ። እኔ በጋ ላይ ገባሁ። የጧፉ ሙቀት! ሦስት ደቂቃ አልቆየሁም።

ካርታ_አንባቢ | ሰኔ 13

በነገራችን ላይ ካን አጠገብ ያለችውን ሳንት ኦኖራ ደሴትም አስቢባት። የሌራን ገዳም። ቅዱስ ኦኖራ በ410 ገደማ ነው የጀመረው፣ ከካስያን ጋር አንድ ዘመን ማለት ነው። በአብዮቱ ጊዜ አንዲት ተዋናይት ገዝታው ነበር! ከ1869 ወዲህ መነኮሳት አሉበት፣ ወይን ያለማሉ። ደሴቲቱ ሜዳ ናት፣ ርዝመቷ 1.5 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ለጉልበት ምቹ።

ከካን ወደብ የሚነሱት ጀልባዎች ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ወደ ሳንት ማርግሪት ነው፣ ያቺ ሌላዋ ደሴት ናት፣ አሮጌ እስር ቤት ያለባት። አንዱ ብቻ ነው ወደ ገዳሙ የሚሄደው። እኔ በተሳሳተው ገብቼ ገዳሙን ከሩቅ አይቼ ተመለስኩ። አዎ፣ ካርታ አንባቢ ነኝ።

ጠራቢው | ሰኔ 14

ብዙ አልጽፍም። አርል ከደረሳችሁ የሳን ትሮፊም ቤተ ክርስቲያንን በር ሳታዩ እንዳትመለሱ። በሩን።

ፍራንክፈርቷ | ሰኔ 15

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ካን ራቀብኝ፣ ተውኩት። ዕቅዱ ይህ ነው፦ ሁለት ቀን ማርሴይ፣ አንድ ቀን ሴናንክ፣ አንድ ቀን ቶሮኔ፣ አንድ ቀን አርል፣ አንድ ቀን እግራችንን ሰቅለን። ተመልሼ እጽፋለሁ።

ፍራንክፈርቷ | ነሐሴ 24

ተመለስን። ቃሌን ልጠብቅ። ረጅም ነው፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡ።

ማርሴይ። ነዋሪው ልክ ነህ። ኖትር ዳም ደ ላ ጋርድ ገብተን እማዬ ቀና ብላ መርከቦቹን አየች። «ስለት ነው አይደል?» አለች። ማንም አልነገራትም። ከዚያ ጽላቶቹን አንድ በአንድ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የአንዷን ልጅ ከበሽታ ስለማዳንሽ፣ የአንዱን ከጦርነት ስለመለስሽ... ሃያ ያህል ካነበብኩላት በኋላ ደከመኝ። እሷ አልደከማትም። ሳን ቪክቶር ደግሞ ለካስያን ስል ወረድኩ። ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ውጭ ይነድ ነበር። እማዬ አንዱ ጥግ ቁጭ ብላ ውዳሴ ማርያሟን ደገመች። ጠባቂው አላናገራትም።

ሴናንክ። ሰው! ሰው! መኪና ማቆሚያው ሞልቶ ቆመን ጠበቅን። ላቬንደሩ እንደተባለው ታጭዷል። ጉብኝቱን ትተን ለቀትሩ ጸሎት ብቻ ነበር የሄድነው። እማዬ ደጃፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች። «እማዬ፣ እዚህ አይወለቅም» አልኳት። «እነሱ ካላወለቁ እኔ ምን ቸገረኝ» ብላ ገባች። መነኮሳቱ ጥቂት ናቸው። ነጭ ለብሰዋል። ቀስ ብለው፣ ያለ መሣሪያ፣ አንዱ ወገን ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ነው የሚያዜሙት። እማዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመች። ሌላው ሰው ሲቀመጥም ቆማ ነበር። ስንወጣ ጠየቅኳት። «ሃሌ ሉያውን ሰማሁት። መቀባበሉም የኛው ነው። ግን አጭር ነው፣ ገና ስጀምር አለቀ» አለች። ጸሎቱ ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር። ኪዳን ለለመደ ሰው ምን ይባላል።

ቶሮኔ። እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። እኔ በጣም የጓጓሁት እሱን ነበር። ታሪኩን አንብቤ ነው የሄድኩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊፈርስ ሲል ፕሮስፔር ሜሪሜ የሚባል የቅርስ ተቆጣጣሪ እንዳስተረፈው፣ በኋላም በአጠገቡ ባለው የቦክሳይት ማዕድን ቁፋሮ እንደተሰነጠቀ፣ ሥመ ጥሩ አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ በ1953 መጥቶ አይቶት የራሱን ገዳም ሊሠራ እንደሄደ። እውነትም ያምራል። ድንጋይና ብርሃን ብቻ ነው። አስጎብኚዋ መሃል ቆማ አንድ ዜማ ለቀቀች፣ ድምፁ ወጥቶ ወጥቶ ቶሎ አይጠፋም። ቆዳዬን ውርር አደረገኝ።

እማዬ ዙሪያዋን አየችና «ሥዕሉን ማን ወሰደው?» አለች።

አልተወሰደም እማዬ፣ ከመጀመሪያውም የለም፣ ሲስተርሲያኖች ልብ እንዳይበተን ብለው ሥዕልም ቀለምም አላደረጉም ብዬ አስረዳኋት። ሰማችኝ። «እና ማንበብ የማይችለው ሰው በምን ይማራል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። የወደደችው ነገር አንድ ብቻ ነው። በመነኮሳቱ አደባባይ ስድስት ጎን ያላት ትንሽ ቤት አለች፣ ውስጧ ውሃ የሚወርድበት። «ጠበል ነው?» ብላ ቀረበች። ከምግብ በፊት እጅ የሚታጠቡበት ነው ስላት ቅር አላት። ግን ፊቷን ታጠበች።

መመለሻ ላይ መኪና ውስጥ ዝም ዝም ተባባልን። እኔ በልቤ፣ ኮሎኝ እንደገና መጣብኝ እያልኩ።

አርል። ወደ ሳን ትሮፊም ያመራነው ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። አደባባዩ መሃል አንድ ሐውልት ቆሟል፣ ሹል፣ ረጅም። እማዬ ድንግጥ ብላ ቆመች። «ይሄንንም ከአክሱም ነው የወሰዱት?» ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የሮማውያን የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ የነበረ ነው፣ ድንጋዩም ከቱርክ በኩል የመጣ ነው። ነገርኳት። ሙሉ በሙሉ ያመነችኝ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ሮም ላይ የሆነውን የሚያውቅ ሰው አይፈረድበትም።

ከዚያ ዞር ስትል በሩን አየች።

ጠራቢው፣ ምነው ትንሽ ብታስጠነቅቀኝ። እኔ ውስጥ ልግባ ብዬ ደረጃ ጀምሬ ነበር። እማዬ አልተከተለችም። ከታች ቆማ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራለች። «አርባዕቱ እንስሳ» አለች። ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም ክርስቶስ መሃል ላይ ተቀምጧል፣ ዙሪያውን ሰው፣ አንበሳ፣ ላምና ንሥር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጠራቢዎች ድንጋይ ላይ ያወጡት። እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ የወንጌላውያን ምልክት ብዬ ያለፍኩት ነገር። ለእሷ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገችበት ነው።

ከዚያ ጀመረች። እያነበበች። «ይኼ የፍርድ ቀን ነው። እዚህ ጋ ጻድቃን፣ ልብስ ለብሰዋል አየሽ። እዚያ ማዶ ኃጥአን፣ ራቁታቸውን በሰንሰለት እየተጎተቱ። እነዚህ ሽማግሌዎች አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ ናቸው፣ እቅፋቸው ላይ ያሉት ነፍሳት ናቸው።» እኔ ስልኬን አውጥቼ ማረጋገጥ ጀመርኩ። ልክ ነበረች። አጠገባችን የቆሙ አንድ ባልና ሚስት ምን እያለች ነው ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ፣ ተረጎምኩላቸው። ከዚያ ሌሎች መጡ። እማዬ እየገለጸች፣ እኔ እየተረጎምኩ፣ ፀሐዩ ፊታችን ላይ እየወረደ፣ ከአርባ ደቂቃ በላይ ቆመናል። ጉልበቷን ረስታዋለች። ምሳዋንም ረስታዋለች። ሐብሐቡ ቦርሳዬ ውስጥ ሞቀ።

ውስጥ ገባን፣ ሁለት ደቂቃ አየችና «እንሂድ፣ ዋናው ውጭ ነው» አለች።

ሞንማዡር ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም አልሄድንም። ሳንት ማሪም ሳንደርስ ቀረን። ሽሮ፣ ስለ ሶካው አመስግኛለሁ፣ ማርሴይ ላይ ፓኒስ ነው ያገኘነው። እማዬ «ሚጥሚጣ ይጎድለዋል» ብላ ከቦርሳዋ አወጣች። አዎ፣ ይዛ ነው የመጣችው።

ማርሴይ_ነዋሪ | ነሐሴ 24

እናትሽን ለቀጣዩ ክረምት ልከራያቸው እችላለሁ? አስጎብኚ ይጎድለኛል።

ጠራቢው | ነሐሴ 25

ለዚህ ነው ብዙ ያልጻፍኩት።

ዲያቆን_ነበርኩ | ነሐሴ 25

«ማንበብ የማይችለው በምን ይማራል» የሚለውን ጥያቄ ለሲስተርሲያኖቹ ጠይቄላቸው መልሱን ብሰማ ደስ ይለኛል። መልስ ይኖራቸዋል። ገዳሙ ለምእመን ሳይሆን ለመነኩሴ ነው የተሠራው፣ መነኩሴው ደግሞ ያነባል። የአርል ግን የጳጳሱ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፣ የከተማው ሕዝብ በዚያ በር ነው የሚገባው። እናትሽ ልዩነቱን ያለ መጽሐፍ አገኙት።

ከሊዮን_ወዲህ | ነሐሴ 26

እኔ ቶሮኔን ነው የምመርጠው ግን። ዝምታውን። ሰው ይለያያል።

ቡና_ያለስኳር | ነሐሴ 27

ፍራንክፈርቷ፣ ጥቅምት ላይ ለሥራ ወደዚያ አካባቢ እወርዳለሁ። ያ በር ትኬት አለው?

ፍራንክፈርቷ | ነሐሴ 27

የለውም። አደባባይ ላይ ነው። ትኬቱ ከጎን ላለው የመነኮሳት አደባባይ ብቻ ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ሂድ፤ ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው፣ ፊታቸው በደንብ አይታይህም።